ሰሜን ሸዋን ማን ይጎበኛል? ማንስ ያድራል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያመራ አውቶቡስ ደብረ ሲና ቆም ሲል፣ ገና በሩ ሳይከፈት የቆሎ ሻጮች ይከቡታል። ገብሱ ከሽምብራና ከሱፍ ተቀይጦ በትንንሽ ፌስታል ተቋጥሯል። ብር በመስኮት ይወርዳል፣ ቆሎ በመስኮት ይወጣል፤ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አውቶቡሱ ወደ ሸዋ ሮቢት ቁልቁለቱን ተያይዞታል።

ይህን በገንዘብ እንመልከተው። ቁጥሩ ለማሳያ ያህል ነው፦ 40 መንገደኛ እያንዳንዱ የ50 ብር ቆሎ ቢገዛ ከተማው ውስጥ የሚቀረው 2,000 ብር ነው። ሁለት ሰዎች በአንዲት መኪና መጥተው አንድ ሌሊት ቢያድሩ ደግሞ አልጋው 1,500፣ ራትና ቁርሱ 1,200፣ ለመንገድ መሪ 600 ብር ይወጣቸዋል፤ ድምሩ 3,300 ብር። ያደሩት ሁለት ሰዎች ካለፉት 40 በልጠው ተገኙ ማለት ነው። የቱሪዝም ሒሳብ ሲሠራ ካደረ እንግዳና ውሎ ከሚመለስ እንግዳ መካከል መስመር የሚሰመረውም ለዚህ ነው። በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ቱሪስት የሚባለው ከሚኖርበት አካባቢ ርቆ ቢያንስ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው ነው። የመጣው ለሽርሽርም ይሁን ለስብሰባ ወይም ለመሳለም ለውጥ የለውም።

በሰሜን ሸዋ ስለ ቱሪዝም ሲወራ ግን ንግግሩ የሚጀመረው ከመስህብ ዝርዝር ነው። አንኮበር አለን፣ ጓሳ አለን፣ ምኒልክ መስኮት፣ ወፍ ዋሻ፣ ጻድቃኔ፣ ሸንኮራ ዮሐንስ እያለ ይቀጥላል፤ ደብረ ሊባኖስና የጀማ ሸለቆም በፍቼው ወገን፣ ማለትም በኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ ዞን፣ ይጨመራሉ። ዝርዝሩ እውነት ነው። ችግሩ ዝርዝሩ ያለንን እንጂ የሚመጣውን ሰው አለመናገሩ ነው።

አንዲት ወፍ እንውሰድ። የአንኮበር ሰሪን የምትባለው ወፍ በሳይንስ ስም የተሰጣት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ትንሽ ናት፤ ቀለሟ ቡናማ፣ ሰውነቷ ዥንጉርጉር መስመር ያለበት ነው። ገደል አፋፍ ላይ መሬት ለመሬት ስትለቅም ብታዩዋት ድንቢጥ መስላችሁ ታልፏታላችሁ፤ የአካባቢው ሰውም ያልፋታል። እሷን ለማየት ብሎ ግን ከእንግሊዝ ወይም ከኔዘርላንድስ ተነስቶ አንኮበር ድረስ የሚመጣ ሰው አለ። በያዘው የወፍ ዝርዝር ስሟ ላይ ምልክት ሳያደርግ ቢመለስ ጉዞው ጎደሎ ይሆንበታል። ታዲያ መስህቡ ያለው ከወፏ ነው ወይስ ከሰውየው? ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዘርፉ አጥኚዎች ነገሩን በሁለት ከፍለው ያዩታል፦ ሰውን ከቤቱ የሚያስወጣው ገፊ ምክንያት፣ ወደ አንድ ቦታ የሚጠራው ደግሞ ሳቢ ምክንያት ይባላል። ሳቢው የሚሠራው ገፊው ላለበት ሰው ብቻ ነው። በዚህ መነጽር ስናይ ሰሜን ሸዋ ቢያንስ አራት ገበያ አለው፤ አራቱም በተለያየ ወር ይመጣሉ፣ የሚፈልጉት ይለያያል፣ የሚያማርራቸውም እንደዚያው።

ትልቁ ገበያ በብዙ ቢሮ ሪፖርት ውስጥ እንደ ቱሪስት የማይቆጠረው ነው፤ ተሳላሚው። ከአዲስ አበባ አጥቢያዎች የሚነሱ የጉዞ ማኅበራት አውቶቡስ ተከራይተው ወደ ጻድቃኔ ማርያም፣ ወደ ሸንኮራ ዮሐንስና ወደ ደብረ ሊባኖስ ይጓዛሉ። በነሐሴ 24 ተክለ ሃይማኖት ደብረ ሊባኖስ ላይ ያለውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ ለየትኛው ገበያ ቅድሚያ እንስጥ ብሎ አይከራከርም። ይህ እንግዳ በጸባዩ ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል። ማስታወቂያ አይፈልግም፤ የሚጠራው ስለትና የጎረቤት ምስክርነት ነው። ዘንድሮ የመጣ ለከርሞም ይመጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያድራል፤ ጠበል የሚጠመቀው በጠዋት ምግብ ሳይቀምስ ነውና። ሱባኤ የያዘ ሰው ሰባት ቀን ይቆያል፤ ሁለት ሱባኤ የያዘ 14 ቀን። ከውጭ ለሚመጣ ቱሪስት የሰባት ሌሊት ቆይታ የሎጅ ባለቤት በሕልሙ የሚያየው ነገር ነው።

ገንዘቡ ለምን አነስ አለ ቢባል፣ ተሳላሚው ስንቁን ይዞ ስለሚመጣ ነው። ሆኖም ስንቅ ሦስተኛው ቀን ላይ ይሳሳል። ከዚያ በኋላ የሚፈለገው የታወቀ ነው፦ ውሃ፣ የሚከራይ ፍራሽና ብርድ ልብስ፣ የጠበል ጄሪካን፣ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ ትኩስ የጾም ምግብ። በብዛት የሚበላሸው መጸዳጃ ቤቱ ነው። ለ200 ሰው የተቆፈረ ጉድጓድ በንግሥ ቀን ብዙ ሺህ ሰው ይመጣበታል፤ በማግስቱ ሽታው ወደ ጠበሉ መንገድ ይወርዳል። የጾም ጉዳይ ደግሞ ትንሽ ይመስላል እንጂ አይደለም። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፤ በዚያ ሁለት ሳምንት መንገድ ዳር ያለ ምግብ ቤት «ጥብስና ዱለት አለ፣ ጾም ሽሮ ብቻ» ካለ የዓመቱን ዋና ገበያውን በገዛ እጁ መለሰ ማለት ነው። በያይነቱን በደንብ የሚሠራው ጎረቤቱ ግን ወንበር ያጣል።

ሁለተኛው የአዲስ አበባ የቅዳሜና እሑድ እንግዳ ነው። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ላይ ናት፤ ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ። ይህን ሰው ከቤቱ የሚያስወጣው ሙቀት፣ ጭስና የትራፊክ መጨናነቅ ነው፤ የሚጠራው ቅዝቃዜው፣ ጭላዳ ዝንጀሮውና ፎቶው። ዋናው እጥረቱ ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከተነሳ 2፡30 ላይ ደብረ ብርሃን ይገባል፤ ቁርስ በልቶ፣ ሻይ ጠጥቶ ምኒልክ መስኮት ያለበት ጣርማበር ሲደርስ 4፡30 ይሆናል። አንኮበር ደግሞ ከደብረ ብርሃን በሌላ አቅጣጫ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት አይቻልም ባይባልም የሚያየው የመኪናውን መስታወት ብቻ ነው። በራሪ ወረቀት ላይ «አንኮበር፣ ምኒልክ መስኮት፣ ጓሳ» ተብሎ በአንድ መስመር የሚጻፍለት ሰው ግን ይህን አያውቅም። ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ጓሳ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን የሚረዳው መሪ ከጨበጠ በኋላ ነው።

የማደሩ ቁልፍ የተደበቀው እዚሁ ላይ ነው። ጭላዳ ሌሊቱን የሚያሳልፈው ገደሉ ላይ፣ ነብርና ጅብ በማይደርስበት የድንጋይ ጠርዝ ነው። ጎህ ቀዶ ፀሐይ ገደሉን ማሞቅ ስትጀምር አንድ በአንድ ይወጣል። ወደ ሣሩ ከመሰማራቱ በፊት ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል፣ ቅማል ይለቃቀማል፣ ግልገሎቹ እናታቸው ጀርባ ላይ ይንጠለጠላሉ፤ የወንዱ ጎፈር በብርሃኑ ይደምቃል፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ፍም ይመስላል። ይህ ትርኢት የሚቆየው ከ12፡30 እስከ 2 ሰዓት ገደማ ነው። 4፡30 ላይ የሚደርስ ሰው የሚያየው ጎንበስ ብሎ ሣር የሚነጭ መንጋ ነው፤ ያም ደግ ነው፣ ግን ሌላ ነገር ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከቆላው የሚወጣው ጉም ምኒልክ መስኮትን ይዘጋዋል፤ በተለይ በክረምት አሥር እርምጃ ፊት ያለው አይታይም። ስለዚህ ለአዲስ አበባው እንግዳ መሸጥ ያለበት «ጭላዳ አለ» የሚለው ሳይሆን «ጭላዳ ከገደል ሲወጣ የሚታየው ንጋት ላይ ነው» የሚለው ነው። ይህን የሰማ ሰው ማታውኑ ደብረ ሲና ወይም ደብረ ብርሃን አልጋ ይይዛል። ተሳላሚውን የሚያሳድረው የንጋት ጠበል ከሆነ፣ ይሄኛውንም የሚያሳድረው ንጋት ነው።

ካደረ በኋላስ? ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። በብርድ ልብስ ምርት ስሟ የተነሳ ከተማ ውስጥ አንድ ስስ ብርድ ልብስ የሚሰጥ አልጋ ቤት ማግኘት ያስቃል፣ ያሳዝናልም። እንግዳው ሌሊቱን ጃኬቱን ለብሶ ካደረ ለጓደኞቹ የሚለጥፈው ጭላዳውን ሳይሆን ብርዱን ነው። ሁለተኛ ብርድ ልብስ፣ በጠዋት የሚሠራ ሙቅ ውሃ፣ ከ12 ሰዓት በፊት የሚከፈት ወጥ ቤት፦ ሦስቱም አዲስ ሕንፃ አይጠይቁም። የወጥ ቤቱ ሰዓት በተለይ ይረሳል። ንጋትን እየሸጡ ቁርስ በ2 ሰዓት መጀመር አይሆንም፤ ቢያንስ በፔርሙዝ ሻይ፣ በላስቲክ እንቁላል ሳንዱች ከማታው ይዘጋጅ።

ምኒልክ መስኮት ላይ አንድ ነገር ሳይነሳ አይታለፍ። ጎብኚው ለፎቶ ብሎ ለጭላዳው ዳቦና ቆሎ ይወረውራል። ጭላዳ ሣር በል ነው፤ የሰው ምግብ የለመደ መንጋ ግን ከገደሉ ይልቅ አስፋልቱን ይመርጣል፤ መኪና ይገጨዋል፣ ከልጅ እጅ ይነጥቃል፣ ወደ ገብስ ማሳ ይገባል። ከዚያ ገበሬው በድንጋይ ያባርረዋል፤ የተባረረ መንጋ ደግሞ ሰው ሲያይ ይሸሻል። እዚያ ቆመው ጭላዳውን ለፎቶ ለሚያሳዩ ልጆች የሚከፈለው ብር «አትወርውሩ» ብለው ለመከልከላቸው ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ይጠቀሙ ነበር።

ሦስተኛው፣ የስብሰባው ገበያ፣ አጭር ነው፤ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለውን ባዶ አልጋ የሚሞላው እሱ ነው። መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ሥልጠናቸውን ደብረ ብርሃን የሚያደርጉት ከአዲስ አበባ ወጣ ስለሚል፣ ቅርብ ስለሆነና አበል ስለሚያስከፍል ነው። የሚፈልጉት አዳራሽ፣ ጄነሬተር፣ የማይቆራረጥ ኢንተርኔትና የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ ነው። ደረሰኙ የጠፋ ሒሳብ አይወራረድም፤ ያላወራረደ አስተባባሪ ለሚቀጥለው ሥልጠና ሌላ ሆቴል ይፈልጋል። የዚህ እንግዳ ትርፍ ግን ሐሙስ ማታ ላይ ነው፤ «ዓርብ ከሰዓት አንኮበር ደርሰን እንመለሳለን» ብሎ መኪና አዘጋጅቶ የሚጠይቀው ካገኘ ቤተሰቡን አስከትሎ ቅዳሜን ይጨምራል።

አራተኛው የውጭው እንግዳ ነው፤ ብዙ የሚወራለትና ለጊዜው እምብዛም የማይታየው። ሁኔታው ደህና በነበረበት ጊዜ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ወደ ላሊበላ በየብስ የሚሄድ፣ ምሳውን ደብረ ብርሃን የሚበላ አላፊ ነው። ሁለተኛው ለሰሜን ሸዋ ብሎ የሚመጣው የወፍና የዱር እንስሳ ተመልካች ነው። የሁለተኛው መንገድ የዞን ድንበር አያውቅም፦ በሱሉልታ አድርጎ ደብረ ሊባኖስ፣ ከሙከ ጡሪ ታጥፎ በዓለም ከተማ መንገድ የሃርዉድ ቆቅን ፍለጋ ወደ ጀማ ሸለቆ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ በአልዩ አምባ ወርዶ መልካ ጀብዱ፣ ከዚያ አዋሽ። መልካ ጀብዱ ላይ የሚፈልገው ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነች ሌላ ሰሪን ነው። ፍቼ የራሷን፣ ደብረ ብርሃንም የራሷን በራሪ ወረቀት ብታሳትም ይህ ሰው የሚፈልገው የሁለቱን ዞን ወፎች በአንድ ካርታ ያስቀመጠውን ነው። ከቦታው የሚጠይቀው ነገር ትንሽና ጥብቅ ነው፦ ፀሐይ ሳትወጣ ገደሉ አፋፍ ላይ መድረስ፣ ወፏ የት እንደምትውል የሚያውቅ፣ ዝም ማለት የሚችል መንገድ መሪ። ከኋላው «ሀይ፣ ሀይ» የሚል የልጆች ሰልፍ ካለ ጠዋቱ አለቀ። ስለዚህ ከመንደሩ አንድ ሰው ተመድቦ ልጆቹን የሚይዝበት፣ ክፍያውም ለመንደሩ የሚደርስበት ስምምነት ከአዲስ ሎጅ በፊት ይቀድማል።

ይህ ገበያ ለምን ጠፋ ለሚለው ጥያቄ «ሰላም ስለሌለ» የሚለው መልስ ትክክል ቢሆንም ያጥራል። ኅዳር 2014 ላይ ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ደረሰ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚህ በኋላ የሚሆነው እንደ ሰንሰለት ነው። የአንድ አገር የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዜጎቹ ወደ አካባቢው እንዳይጓዙ ይመክራል። ምክሩን ጥሶ የሄደ ሰው የጉዞ ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ አይሠራለትም። ኢንሹራንስ የሌለውን ቡድን የሚወስድ አስጎብኚ ድርጅት ሰው ቢጎዳ ተጠያቂ ስለሚሆን ቦታውን ከመርሐ ግብሩ ያወጣል። መርሐ ግብሩ የሚሸጠው ደግሞ ወራት አስቀድሞ፣ አንዳንዴም ዓመት ቀድሞ ነው። ስለዚህ መንገዱ ዛሬ ቢረጋጋ እንኳ የውጭው ቡድን ነገ አይመጣም። መጀመሪያ የሚሄደውም መጨረሻ የሚመለሰውም እሱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ለውጭ ሰው አልጋና ምግብ በዶላር መርከሱ ይህን ሰንሰለት አይበጥሰውም። ተሳላሚውና የአዲስ አበባው ሰው ግን መንገዱ ስለመኖሩ ሹፌሩን ደውለው ጠይቀው ይነሳሉ። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ እነሱም ይንቀሳቀሳሉ።

ጓሳ በዚህ ሁሉ መሐል ለብቻው የሚታይ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመንዝ ሰው «ቄሮ» በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሣሩን ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት እየዘጋ፣ በቀኑ እየከፈተ ጠብቆታል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ማኅበረሰቡ በኮሚቴ ቀጥሏል። ዛሬ በዓለም ላይ በጠቅላላው ወደ 500 ገደማ ብቻ ከቀረው ቀይ ቀበሮ የተወሰነው የተረፈው በዚህ ጥበቃ ነው። ለጎብኚው ከቀበሮው ባልተናነሰ የሚስበው ይህ ታሪክ ነው፤ የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ መሆኑን፣ ማን መቼ እንደሚያጭድ የሚወሰንበትን መንገድ ከአንድ የመንዝ አዛውንት አፍ መስማት። ገንዘቡ የሚያመልጠው በሌላ ቀዳዳ ነው። ቡድኑ ምግቡን፣ ውሃውንና ወጥ ሠሪውን ከአዲስ አበባ ጭኖ ይመጣል። መሐል ሜዳ ላይ የሚገዛ በግ፣ ድንች፣ እንጀራና ማር በዋጋ ዝርዝር ተጽፎ አስቀድሞ ለአስጎብኚው ቢላክ ግማሹ ስንቅ እዚያው ይገዛል። በቴሌግራም የሚላክ አንድ ገጽ ይበቃል።

አንኮበር ግን ተቃራኒ ችግር አለባት፤ ስሟ ትልቅ፣ የሚዳሰሰው ትንሽ። ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙን መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስን ያስተናገዱባት፣ አጤ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከማምራታቸው በፊት የነገሡባት ከተማ ከቤተ መንግሥቷ የቀረው ጥቂት የግንብ ፍራሽ ነው። ዲያስፖራውም፣ የየካቲት 23 ሰሞን የሚመጣው ወጣትም ዳገቱን ወጥቶ «ይኼ ነው?» ብሎ ይመለሳል። ቦታው የሚቆመው በሚተርከው ሰው ነው። እዚያው ጉብታ ላይ ቆሞ አልዩ አምባን ወደ ታች እየጠቆመ፣ ጨው የጫነው የአፋር ግመል እዚያ ገበያ ላይ ይራገፍ፣ ደጋው ላይ በቅሎ ይረከብ እንደነበር የሚያስረዳ አስጎብኚ ካለ እንግዳው ሁለት ሰዓት ይቆያል። ከአጤ ምኒልክ የትውልድ ቦታ ከአንጎለላና በ1870 ዓ.ም. ከአጤ ዮሐንስ ጋር ከታረቁበት ከልቼ ጋር ካያያዘለት ደግሞ የሚያድርበት ምክንያት ያገኛል።

የሚሸጠውም ዕቃ ገበያውን ያውቅ። የመንዝ ባና የሱፍ ሥራ ነው፤ ይሞቃል፣ ይበረክታል፣ ይከብዳልም። በመኪናው ለመጣ የአዲስ አበባ ሰው ክብደቱ ምንም አይደል፤ በአውሮፕላን 23 ኪሎ ለተፈቀደለት ግን አይቻልም። ያው ሱፍ፣ ያው ሸማኔ፣ ለትራስ ልብስ፣ ለአንገት ልብስና ለኮፍያ ቢሆን ይገዛል። ሱፉ ካልታጠበ ግን በታሸገ ሻንጣ ውስጥ የበግ ሽታው ልብሱን ሁሉ ይይዛል፤ በሞቀ ውሃና በሳሙና ሁለቴ ታጥቦ፣ በጥላ ደርቆ ይሸጥ።

ይህን ሁሉ ለማረጋገጥ ትልቅ ጥናት አያስፈልግም። የአልጋ ቤቶች የእንግዳ መዝገብ አለ፤ ስም፣ መታወቂያ፣ ከየት እንደመጣ፣ የገባበትና የወጣበት ቀን ተጽፎበታል። ስሙን ትቶ ከየት እና ስንት ሌሊት የሚለውን ብቻ ከአሥር አልጋ ቤት የአንድ ዓመት ገልብጦ በወር በወር መደመር ሁለት ሰው ለሁለት ሳምንት የሚሠራው ሥራ ነው። የሚያልፈው ሰው ግን መዝገብ ላይ የለም። እሱን ለማግኘት በአራት ቦታ፣ ማለትም በጫጫ፣ በደብረ ብርሃን መናኸሪያ፣ በምኒልክ መስኮትና በደብረ ሲና፣ ሁለት ቅዳሜና ሁለት ማክሰኞ መቆም ነው፤ አንዱ ጥንድ በጥቅምት፣ አንዱ በነሐሴ። ቅዳሜን ብቻ የቆጠረ የስብሰባውን፣ ጥቅምትን ብቻ የቆጠረ የተሳላሚውን ገበያ ያጣዋል። ጥያቄው ከስድስት አይብለጥ፦ ከየት መጡ፣ ወዴት ይሄዳሉ፣ ስንት ሆነው፣ ለምን ጉዳይ፣ ዛሬ እዚህ ምን ያህል አወጡ፣ የት ያድራሉ። ሞተሩን ሳያጠፋ የሚመልስ ሹፌር ከዚህ በላይ አይታገስም። «ቦታው እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ አበሻ እንግዳ ሆኖ «ጥሩ ነው» ከማለት ሌላ አይመልስም። የት እንደሚያድር ሲጠየቅ «እንመለሳለን» ያለውን ሰው ግን አንድ ጥያቄ ማስከተል ይገባል፦ «ነገ ጠዋት 12፡30 ላይ ጭላዳው ከገደል ሲወጣ እዚህ መሆን ቢፈልጉ፣ ዛሬ ማታ እንዳያድሩ የሚያደርግዎ ምንድን ነው?» መልሱ ብርዱ፣ መኪና የሚያቆሙበት ግቢ፣ የመንገዱ ጸጥታ ወይም የነገ ሥራ ይሆናል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከአልጋ ቤቱ ባለቤት እጅ ውጭ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን አንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስና አንድ የሚቆለፍ በር ናቸው።